በእንተ ጭብጨባ ዘሊንውድ

ከሰው ልጅ የምስጋና ሥራዎች ሁሉ ምናልባት እጅግ ርካሹ ጭብጨባ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትምህርት አይጠይቅም፣ የሰሙትን ነገር መረዳትን እንኳ አይጠይቅም፤ ሁለት መዳፍና ከጎን የተቀመጠውን ሰው ሰረቅ አድርጎ ማየት ብቻ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ይህ ርካሽ ነገር፣ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከሲያትል በስተሰሜን በምትገኘው በሊንውድ ከተማ፣ አንዲት ባለቅኔ ወይዘሪት ከመድረክ ላይ ቆማ ግጥሟን አንብባ ባበቃች ጊዜ፣ መቼ ሊጀመር እንደሚገባውና ማን ሊጀምረው እንደሚገባው የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር የተመለከተ ሁሉ፣ ጉዳዩ ጉባኤ የሚያስፈልገው ከባድ ጉዳይ መሆኑን ሳይረዳ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ችግሩ ከግጥሙ ጠባይ ይጀምራል። እኛ ያደግንበት ግጥም ቤት የሚመታ፣ ቤት በመታም ጊዜ ለአድማጩ መድረሱን የሚያስታውቅ ጨዋ ግጥም ነበረ፤ የመጨረሻው ስንኝ ገና ሳይነገር የመጨረሻው ፊደል በሁላችን አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበርና፣ ገጣሚው ቃሉ እንኳ ቢጠፋው አዳራሹ ይጨርስለት ነበር። የዛሬዎቹ ወጣቶች ግን፣ ይልቁንም በባሕር ማዶ ያደጉት፣ ስንኙን ከፈለጉበት ቆርጠው፣ ከፈለጉበት ዝም ብለው፣ ጣራውን አይተው፣ ውሃ ተጎንጭተው እንደገና ስለሚቀጥሉ፣ ዝምታው የትንፋሽ ይሁን የፍጻሜ የሚለይ ሊቅ አልተገኘም። አንድ ጊዜ በመካከል ተሳስቶ ያጨበጨበና የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየው ሰው፣ ከዚያ ወዲያ መድረክ መሪው በእጁ ምልክት እስኪሰጥ ድረስ መዳፉን ከጉልበቱ ላይ አያነሣም።

ሊንውድን ለማያውቋት፣ ይህች ከተማ ራሷ በሴት ስም የተሰየመች ናት። የአካባቢውን መሬት እየሸነሸነ ይሸጥ የነበረ አንድ ነጋዴ ሊን ለምትባለው ባለቤቱ ክብር ሲል ስሙን እንዳወጣው ይነገራል፤ ከተማነቷም እ.ኤ.አ. በ1959 ጸደቀ። ባል ግጥም መግጠም ቢያቅተው ከተማ በሚስቱ ስም መጥራቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ በእኛ አገር ግን እቴጌ ጣይቱ ባላቸውን ሳይጠብቁ አዲስ አበባን ራሳቸው ስለ ሰየሙ፣ በዚህ ረገድ የምንማረው ትምህርት ብዙ አይደለም። ከወገኖቻችን መካከል አንዳንዱ በኤቨረት በቦይንግ ፋብሪካ ይሠራል፤ አንዳንዱ ኡበር ይነዳል፤ አንዳንዱም በመኖሪያ ቤቱ አዳልት ፋሚሊ ሆም ከፍቶ የፈረንጅ አረጋውያንን ይጦራል። ኦገስት 30 ቀን 2024 ቀላሉ ባቡር ከሲያትል እስከ ሊንውድ ከተዘረጋ ወዲህ፣ 3 ዶላር ከፍሎ ካፒቶል ሂል ድረስ ወርዶ፣ በገጣሚው በሪቻርድ ሁጎ ስም በተሰየመው ሁጎ ሐውስ የሚነበበውን ግጥም ማዳመጥ ይቻላል። ይህን የሚያደርጉት ግን ልጆቻችን ናቸው፤ እኛ ግጥሙ ከነእራቱ ሰፈራችን ድረስ እስኪመጣልን እንጠብቃለን።

እንዲህ በማለቴ ሕዝባችን ለቃል ክብር የለውም ያልሁ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አንድ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ይመልከት። ባለቅኔው ቅኔውን በልቡናው አዘጋጅቶ ለሚያዜመው ሰው በለሆሳስ ይመራዋል፤ ያም ተቀብሎ በዜማ ከፍ አድርጎ ያሰማዋል፤ ሊቃውንቱም መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰሙን ከወርቁ እያነጠሩ ካዳመጡ በኋላ፣ ምሥጢሩ በተገለጠላቸው ጊዜ «ይበል!» ይላሉ። ምሥጢሩ ያልተገለጠላቸውም ቢሆኑ «ይበል!» ከማለት ወደ ኋላ አይሉም፤ በቅኔ ማኅሌት ዝም ያለ ሰው አልገባውም ተብሎ ይጠረጠራልና። ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ከ2 ቤት አይበልጥም፤ አንድ ጊዜ ከተዘረፈ ደግሞ በማግሥቱ እርሱኑ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ አዲስ ይፈለጋል። ስለዚህ አድማጩ ፈጥኖ መስማት፣ ፈጥኖ መፍታት፣ ፈጥኖም ማድነቅ ይጠበቅበታል፤ እቤቴ ሄጄ በቪዲዮ አየዋለሁ የሚል ምክንያት በዚያ አይሠራም።

ይህ ጉባኤ የወንዶች ብቻ ነበረ የሚሉ አሉ፤ እነርሱም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያልሰሙ ናቸው። እኒህ ዓይነ ሥውር እናት በጎጃም፣ በጽላሎ፣ አባታቸው ያስተማሩበትን የቅኔ ጉባኤ ወርሰው፣ ከየአገሩ ለሚጎርፉት ወንዶች ደቀ መዛሙርት ቅኔ ይቀኙ፣ ቅኔም ያስቆጥሩ ነበረ። በሊንውድ መድረክ ላይ የወጣችው ወጣት ጸጉሯን ተላጭታ በመምጣቷ የተደናገጡ አንዳንድ አባወራዎች፣ «ሴት ልጅ ራሷን ተላጭታ ግጥም ስታነብ ያየነው ዛሬ ነው» ብለው ሲያጉተመትሙ ሰምቻለሁ፤ ራሷን የተላጨች ሴት ቃለ ምሥጢር ስትናገር ሊቃውንቱ እግሯ ሥር ተቀምጠው የተማሩበት አገር ልጆች መሆናቸውን ማን ያስታውሳቸው? ልዩነቱ እማሆይ ቆብ መድፋታቸው ብቻ ነው።

በዓለማዊውም ወገን የአድማጭ ድርሻ የታወቀ ነበረ። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ችሎታዋ የሚለካው በእንባ ነው፤ ሟቹን በሕይወቱ ሳለ በዓይናቸው ሊያዩት የማይወዱት ሰዎች እንኳ ደረታቸውን መምታት ከጀመሩ ግጥሙ ሠምሯል ማለት ነው። በሽለላና በፉከራ ጊዜ አድማጩ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ይህን ልማድ በሊንውድ ለመፈጸም የሚያስብ ቢኖር አስቀድሞ ጠበቃ እንዲይዝ እመክረዋለሁ። በአዝማሪ ቤት ደግሞ አድማጩ ብሩን በግንባር ላይ ከመለጠፍ አልፎ፣ «ተቀበል!» ብሎ የገዛ ራሱን ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪውም «አቤት!» ብሎ በማሲንቆው እያጀበ ይመልስለታል። እንግዲህ በለቅሶም በሠርግም፣ በመቅደስም በመጠጥ ቤትም፣ ግጥም ሲሰማ እኔም አብሬ ገጣሚ ነኝ ብሎ የሚያምን ሕዝብ፣ በተደረደረ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አፉን ዘግቶ፣ ተራው እስኪደርስ ጠብቆ፣ እጁን በእጁ መትቶ ይሂድ ማለት፣ በበደሉ ልክ ያልሆነ ቅጣት ነው። ጭብጨባንም ቢሆን እኛ የምናውቀው በሌላ ግብሩ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ከከበሮና ከጸናጽል ጋር የዜማው አካል ነው፣ በቡና ቤት ደግሞ የአስተናጋጅ መጥሪያ ነው።

ግጥምን ከልብ የሚያዳምጥ ማን ነው ተብሎ ብጠየቅ ግን፣ መንግሥት ነው ብዬ ለመመለስ አላመነታም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን በሚከበርበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተማሪዎች ግጥም መወዳደራቸው የተለመደ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ባሰማ ጊዜ ተማሪው እጅግ ማድነቁ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው አድንቆ ወደ ምሳው ሲሄድ፣ ባለሥልጣኖቹ ምሳቸውን ትተው እያንዳንዱን ስንኝ እንደ መረመሩት የሚያስረዳው፣ በሚከተለው ጊዜ ግጥሞች ከመነበባቸው በፊት ይታዩ መባሉና ከትምህርት የታገዱ ተማሪዎች መኖራቸው ነው። ጭብጨባ ከግብዝነት ሊመጣ ይችላል፤ እገዳ ግን ግጥሙን በሚገባ ካላዳመጡት አይገኝም።

አሜሪካም በዚህ ረገድ ከእኛ አላነሰችም። እ.ኤ.አ. በ1934 በብሩክሊን የተወለደችው ዳያን ዲ ፕሪማ፣ የዘመኗን ልማድና የወላጆቿን ምክር ትታ በግሪንዊች ቪሌጅ ከባለቅኔዎች ጋር የኖረች፣ ያለ ባል ልጅ መውለድን ሳታፍርበት በአደባባይ የተናገረች ሴት፣ ከገጣሚው ከሊሮይ ጆንስ ጋር ሆና «ዘ ፍሎቲንግ ቤር» የተባለች ትንሽ የግጥም መጽሔት በማባዣ መኪና እያባዛች ለወዳጆቿ በፖስታ ትልክ ነበር። ከቅጂዎቹ አንዷ ለአንድ እስረኛ ተልካ የወህኒ ቤቱ ደብዳቤ መርማሪ ስላነበባት፣ በ1961 የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰዎች መጥተው ሁለቱንም በብልግና ጽሑፍ ወንጀል ያዟቸው፤ ጉዳዩን እንዲያይ የተሰየመው የሸንጎ ጉባኤ ግን ክስ ለመመሥረት አልፈቀደም። መጽሔቷን በነፃ ከተቀበሉት ወዳጆቿ ስንቱ ከዳር እስከ ዳር እንዳነበባት እግዚአብሔር ይወቅ፤ የወህኒ ቤቱ መርማሪ ግን ማንበቡ በመዝገብ የተረጋገጠ ነው። ይህችው ሴት በ2009 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ባለቅኔ ተብላ በክብር ተሾመች፤ በዚያ ጊዜ ዕድሜዋ ሰባ ካለፈ ቆይቶ ነበርና፣ ከእንግዲህ አታስፈራም ብለው ሳይሆን አይቀርም።

የእርሷ ዘመን ሰዎች ጭብጨባን ለማሻሻል ብዙ የደከሙ ናቸው። ኦክቶበር 7 ቀን 1955 በሳን ፍራንሲስኮ፣ ሲክስ ጋለሪ በተባለው ቦታ፣ አለን ጊንስበርግ «ሃውል» የተባለውን ግጥሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ባነበበ ጊዜ፣ ደራሲው ጃክ ኬሩዋክ ከታዳሚው መዋጮ ሰብስቦ ወይን ጠጅ ገዝቶ፣ ማሰሮውን እያዞረ፣ በየስንኙ መጨረሻ «ቀጥል! ቀጥል!» የሚል ጩኸት ያሰማ ነበረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ ይህ ሰው ጎንደር ቢወለድ ኖሮ ይበል ባይነቱ በደብር ይታወቅለት ነበር አልሁ፤ የጎደለው መቋሚያ ብቻ ነው። ነገር ግን ይኸው ኬሩዋክ ለሴት ሲሆን ሌላ ሰው ነበረ። ዲ ፕሪማ በሕይወት ታሪኳ እንደ ጻፈችው፣ አንድ ሌሊት ከጊንስበርግ ቤት ተነሥታ፣ ልጄን የያዘችው ሞግዚት ትጠብቀኛለች ብላ ልትሄድ ስትል፣ ሞግዚቷን ካልረሳሽ መቼም ደራሲ አትሆኚም ብሎ ገሠጻት፤ እርሷም ተግሣጹን ሰምታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ደራሲም ሆነች፤ አምስት ልጆችም አሳደገች። ይህን ታሪክ በሊንውድ ለምትኖር አንዲት የሦስት ልጆች እናት ብነግራት፣ «እሱ ሰውዬ ለሞግዚት ከፍሎ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚያ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ከተነገሩት ሒሶች መካከል ከዚህ የጠለቀ አላየሁም።

አውራ ጣትን ከመካከለኛው ጣት ጋር አፋትጎ በማስጮህ ግጥምን ማድነቅም ከዚያው ወገን የመጣ ልማድ ነው፤ በግሪንዊች ቪሌጅ በነበረው በጋስላይት ካፌ፣ በላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቶች ጭብጨባው እንቅልፍ ነሣን ብለው ስለ ጮሁ፣ አድማጮቹ በጣት ወደ ማድነቅ ዞሩ ይባላል። ልጆቻችን ይህን ልማድ ከትምህርት ቤታቸው ይዘውት መጥተዋል። እኛ ደግሞ ጣት ማስጮህን የምናውቀው ከሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ፣ የማያውቅም ቢሆን የሚያውቅ መምሰል የፈለገ፣ እጁን ዘርግቶ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ የሚያስጮኸው ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ አዳራሽ የተገናኙ ዕለት የሆነውን ወደ ታች እናገራለሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ አዲስ አበባ አንድ ቃል። በዚያ በራስ ሆቴል አዳራሽ በየወሩ ይካሄድ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ፣ ገጣሚዋ ምሥራቅ ተረፈና ሠዓሊም ገጣሚም የሆነችው ምሕረት ከበደ ከመሠረቱት ሰዎች መካከል የሚቆጠሩበት፣ ወጣቶች ከሙዚቀኞች ጋር ግጥም የሚያነቡበት ጉባኤ ነበረ። ስለዚህ ጉባኤ ብዙ የተጻፈ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ዋናው ቁም ነገር አልተነገረለትም፤ ይኸውም የጭብጨባውን ችግር መፍታቱ ነው። ግጥሙ ቤት ቢመታም ባይመታም፣ ገጣሚዋ ዝም ስትል ሳክስፎኑ ይቀጥላል፤ ሳክስፎኑ ዝም ሲል ደግሞ አልቋል ማለት ነውና፣ ሰው ሁሉ ያለ ጭንቀት ያጨበጭባል። ሴት ልጅ ብቻዋን መድረክ ላይ ቆማ ስትናገር በጸጥታ መደመጧም ቢሆን በነፃ የተገኘ አይደለም፤ በአገራችን ቴአትር ሴት ሆነው ከመድረክ በመውጣት ቀዳሚ የሆኑት አስናቀች ወርቁ፣ በክራራቸውና በድምፃቸው አዳራሽ በሚሞሉበት ዘመን፣ ማታ ያጨበጨበላቸው ሰው በማግሥቱ ልጁን እንደ እርሳቸው እንዳትሆን ይመክር ነበር።

ወደ ሊንውድ እንመለስ። ባለቅኔዋን በስም አልጠራትም፤ እናቷ እንዲህ ባለ ነገር ስሟ በጋዜጣ እንዲወጣ አትፈልግም። ከሌላ ክፍለ ግዛት በአውሮፕላን መጥታ፣ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስና የአያቷን ጥልፍ ቀሚስ የላይኛውን ግማሽ ለብሳ፣ በኪራይ አዳራሽ መድረክ ላይ ስትቆም፣ በግራ በኩል ቤተሰብ፣ በቀኝ በኩል ወጣቶች፣ ከኋላ ደግሞ ሺፍታቸውን አጠናቀው ቆመው ለማዳመጥ የመጡ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ሴቶቹ፣ ማለትም በዕድሜ የገፉት፣ እንደ ወትሮው ወጥ ቤት ናቸው። ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሁሉ ስልኩን እንደ ጧፍ ወደ ላይ አንሥቶ ስለ ያዘ፣ ከኋላ ያለነው ባለቅኔዋን ያየናት በሰው ስልክ ውስጥ ነው። አንዲት እናት ከጎኔ ሆነው፣ የመጀመሪያው ግጥም ሲነበብ «የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ጠየቁ፤ ሁለተኛው ሲነበብ የማን ልጅ መሆኗ ታወቀላቸው፤ በሦስተኛው ላይ የአባቷን ወንድም አዲስ አበባ አብነት ሰፈር እንደሚያውቁት አስረዱኝ። ይህም አድናቆት ነው፤ ሰው ዘር የሚቆጥረው ለሚገባው ሰው ነውና።

የመጀመሪያው ግጥም ባለቀ ጊዜ፣ ማለቁን ያወቁት ወጣቶቹ ብቻ ነበሩና፣ ጣታቸውን በአንድነት ማስጮህ ጀመሩ። ከመካከል ተቀምጠው የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ በጎጃምና በወሎ ስንት ትውልድ ያስተማሩ፣ ከእንቅልፋቸው እንደ ነቁ ያህል ቀና ብለው፣ «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው፣ ተነሥና መልስ» አሉ። ልጁም አስተዳደጉ መልካም ስለ ነበረ ብድግ ብሎ ቆመ። ይህን ያስተካከሉ የመሰላቸው ሌሎች አዋቂዎች በእጃቸው አጥብቀው ቢያጨበጭቡ፣ ከወጥ ቤት በኩል አንዲት ወይዘሮ ሻሻቸውን እያጠበቁ ብቅ ብለው፣ «አቤት፣ ምን ጎደለ?» ብለው ጠየቁ። ማን መልስ ሊሰጣቸው እንደሚገባ ስላልታወቀ፣ መድረክ መሪው ውሃ አዘዘ።

ወይዘሮዋ ግን ወደ ወጥ ቤቱ አልተመለሱም፤ ባለቅኔዋ የሚቀጥለውን ግጥም ጀምራ ነበርና በሩን ይዘው ቆሙ። ግጥሙ ስለ ዶሮ ነው። በበዓል ቀን የተሠራችውን ዶሮ 12 ብልት አንድ በአንድ እየጠራች፣ እያንዳንዱ ለማን እንደሚወጣ ትናገራለች፤ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ይህ ለንስሐ አባት፣ ያ ለባል ወንድም፣ መላላጫው ለእንግዳ፣ ክንፉ ለልጅ፤ እንዲህ እያለች በዝግታ፣ ቤት ሳትመታ፣ ድምጿን ሳታነሣ ቆጥራ ስትጨርስ፣ ሌሊቱን ሽንኩርት ስታቁላላ ላደረችው ሴት የደረሳትን ፈልጋ አጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም፤ የግጥሙ ወርቅ እዚያ ላይ ነው፣ ባለቤቷም በሕይወት አለች። ይህን ብቻ ልበል፤ በአዳራሹ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ በድንገት ጫማቸውን መመርመር ጀመሩ።

ዝምታው የትንፋሽ ይሁን የፍጻሜ በዚህ ጊዜም አልታወቀም። ያሳወቁት በር የያዙት ወይዘሮ ናቸው፤ መጀመሪያ አንድ ረጅም «እልልል!» ከእርሳቸው ወጣ፤ ከኋላቸው ከወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ግጥሙን በግድግዳ በኩል ያዳምጡ ከነበሩት ሴቶች፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እልልታ ተከተለ፤ ከዚያም በአዳራሹ የተቀመጡት ቆነጃጅት ተቀበሉ፤ ስልካቸውን ይዘው የነበሩት እናቶች ስልካቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ያ እልልታ ለሙሽራና ለታቦት ብቻ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር፤ ለዶሮ ብልት ክፍፍል ሲሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ፣ ጡረተኛው መምህር እንደ ሥርዐታችን «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብለው ተነሡ። አስተያየታቸውም፣ ግጥም ቤት ካልመታ ስድ ንባብ መሆኑን፣ ስድ ንባብም ዶሮን የሚመለከት ከሆነ የወጥ አሠራር መጽሐፍ መሆኑን የሚያስረዳ ነበረ፤ ለአብነትም ያህል ራሳቸው በወጣትነታቸው የገጠሙትን፣ ከአዲስ ዓመት እስከ ትምህርት ጥቅም የሚደርስ፣ ቤቱ ሁሉ የመታ ግጥም በቃላቸው ወረዱት። ሰዉም በየቤቱ መድረሻ እያጨበጨበ አስጨረሳቸው፤ የት እንደሚጨበጨብ ያለ ጥርጥር የታወቀው በዚያ ምሽት በእርሳቸው ግጥም ብቻ ነው። ባለቅኔዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ካዳመጠች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ተቀበይ ሳይሉኝ ነው የሰጡኝ፤ እኔ ግን ተቀብያለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም ነበርና ቁጭ ሲሉ ወንበራቸውን ስተው የጎረቤታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያም ከተቀመጡበት ሆነው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይበል» አሉ። እኔ ሰምቻለሁ፤ ኋላ ግን አላልኩም ብለው ክደዋል።

አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ እንደ ጉድለት ያዩታል፤ በስልጣኔ አገር ታዳሚ ጸጥ ብሎ ሰምቶ በመጨረሻ ያጨበጭባል፣ እኛ ግን ጣልቃ እንገባለን፣ ዘር እንቆጥራለን፣ የራሳችንን ግጥም እናነባለን ይላሉ። ጸጥ ብሎ የሚሰማውንም ታዳሚ አይቻለሁ፤ በጨዋነት ሰምቶ፣ በጨዋነት አጨብጭቦ፣ መኪናው ዘንድ ሳይደርስ የገጣሚዋን ስም የሚረሳ ነው። እኔ ብመርጥ የወህኒ ቤቱን መርማሪ፣ ኬሩዋክን፣ መምህሩንና የሻሿን ወይዘሮ በፊተኛው ረድፍ አስቀምጣለሁ፤ አራቱም ግጥሙ የነካቸው መሆኑን መደበቅ አልቻሉምና።

ከጥያቄው በኋላ እራት ይቀርባል ተብሎ ሳለ፣ በር የያዙት ወይዘሮ፣ «ይደገም!» አሉ። በቅኔ ሕግ የተባለ ቅኔ እንደማይደገም መምህሩ ሊያስረዱ ጀምረው ነበር፤ ሆኖም ከወጥ ቤት የወጡት ሴቶች በሙሉ ማንኪያና ጨርቅ እንደ ያዙ ተሰልፈው «ይደገም!» ሲሉ ሕጉን የሚያስከብር ኃይል አልተገኘም። ባለቅኔዋም ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አሁን ሴቶቹን በቀጥታ እየተመለከተች፣ የ12ቱን ብልት ዝርዝር ደገመችው፤ እነርሱም ብልቱን እየቀደሙ በአንድነት ይጠሩላት ጀመር፤ ፈረሰኛ ሲባል የመምህሩ ባለቤት ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር።

በዚህ መካከል ምድጃው ላይ ሊሞቅ የተጣደውን ዶሮ ወጥ የሚያማስል አልነበረም። እራት ቀርቦ በየትሪው ሲከፈል፣ ወጡ ከሥሩ ይዞ ማረሩ ከመጀመሪያው ጉርሻ ታወቀ፤ ሽታውም እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማ ነበር። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መምህሩ አንድ ጊዜ ጎርሰው፣ ጥቂት አኝከው፣ ባለቤታቸው ከወዲያ ሆነው እንደሚመለከቷቸው ካረጋገጡ በኋላ፣ «እጃችሁ ይባረክ፣ ግሩም ነው» አሉ፤ የቀረነውም ተቀበልናቸው።